የዛገ ላቲን በምን ይወለወላል? የመከለሻ መንገዶች ንጽጽር

ላቲን ዓመት ተኩል ተምሬያለሁ። ከዚያ ለሰባት ዓመት ዞር ብዬ አላየሁትም። አንድ ቀን አንድ የግዕዝ ግስ ቸግሮኝ የዲልማንን መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። ግሱን አገኘሁት። ፍቺው ግን በላቲን ነው። የድሮ ደብተሬን አውጥቼ ገለጥኩ። ሰንጠረዦቹ ሁሉ በእጄ ጽሕፈት ተጽፈዋል፤ የጻፋቸው ግን ሌላ ሰው ይመስላል።

ነገሩ ያስቃልም ያናድዳልም። አውግስት ዲልማን ይህን ትልቅ መዝገበ ቃላት ያሳተመው በ1865 ነው። ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው ሊቅ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን ይዞ፣ በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሲያወጣ እሱም የጻፈው በላቲን ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ባይኖርልን ኖሮ የገዛ ቋንቋችንን ለመፍታት ሮም ደርሰን መመለስ ነበረብን።

ላቲን የሚከልስ ሰው ሁሉ ግን የእኔ ምክንያት የለውም። ሴሚናሪ ገብቶ የወጣ አለ። ፋርማሲ ወይም ዕፅዋት ያጠና አለ። ጀርመን ወይም ጣሊያን የሚኖር ወላጅም አለ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ላቲን ይማራል፣ አባት ደግሞ «እኔም እኮ ድሮ...» ብሎ አፉን ከፍቷል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት መንገድ አይሆንም።

ይህን የምጽፈው ተምሮ ለረሳ ሰው እንጂ ለጀማሪ አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጀማሪ ምንም እንደማያውቅ ያውቃል። የረሳ ሰው ግን የሚያውቀው አለ፤ የቱን እንደሚያውቅ ነው የጠፋው። ስለዚህ መጽሐፍ ከመግዛትም፣ መተግበሪያ ከመጫንም በፊት አንድ ትንሽ ፈተና ልስጣችሁ።

ምኑን ነው የረሳችሁት?

እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንብቡ። ላቲኑን በእኛ ፊደል፣ በጥንቱ አነባበብ ጽፌዋለሁ።

አግሪኮላ ፑዌላም ዊዴት።
ፑዌላም አግሪኮላ ዊዴት።
ፑዌላይ አግሪኮላይ አኳም ዳንት።

የመጀመሪያው «ገበሬው ልጅቷን ያያል» ነው። ሁለተኛውስ? «ልጅቷ ገበሬውን ታያለች» ካላችሁ መጨረሻ ድምፆቹ ጠፍተዋችኋል። እሱም «ልጅቷን ገበሬው ያያል» ነው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው። «ልጃገረዶቹ ለገበሬው ውሃ ይሰጣሉ» ይሆናል። «የገበሬው ልጃገረዶች ውሃ ይሰጣሉ»ም ይሆናል። «ገበሬዎቹ ለልጅቷ ውሃ ይሰጣሉ» ቢባልም ስህተት አይደለም። ከአንድ በላይ ፍቺ ከታያችሁ ሰዋስዋችሁ ደህና ነው። «አኳ» ውሃ መሆኑ ትዝ ካላላችሁ የራቃችሁ ቃሉ ነው። ሁሉንም አውቃችሁ ለሦስት ዓረፍተ ነገር አምስት ደቂቃ ከፈጀባችሁ ደግሞ ሰዋስውም ቃልም አለ፣ የጎደለው የማንበብ ልምድ ነው።

ቃል፣ መጨረሻ ድምፅ፣ ልምድ። ሦስቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል። የእኔ ስህተት ይህን ሳልለይ መጀመሬ ነው። ጎድሎኝ የነበረው መጨረሻ ድምፁ ሆኖ ሳለ ሁለት ወር ሙሉ ቃል ስሸመድድ ከረምኩ። ቃሉ ሲበዛ ዓረፍተ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበብኝ።

እንግሊዝኛን ከመሃል አውጡት

መንገዶቹን ከማወዳደሬ በፊት ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ላቲንን የተማርነው በእንግሊዝኛ ወይም በጣሊያንኛ በኩል ነው። ስንከልስም በዚያው መንገድ እንመለሳለን። ይህ ዙሪያ ጥምጥም ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ማን ማንን እንዳየ የሚታወቀው በቃላት ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ተሳቢ የሚባለውን ነገር ለማስረዳት ምዕራፍ ሙሉ ይደክማሉ። እኛ ግን «ን» አለችን። «ፑዌላም» ላይ ያለችው «ም» የእኛ «ን» ናት። አለቀ።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። «ፑዌላይ» ሲሆን «የልጅቷ» ወይም «ለልጅቷ» ነው። እንግሊዝኛ በ«በ»፣ በ«ከ» እና በ«ጋር» ለይቶ የሚናገረውን ላቲን ብዙውን ጊዜ በአንድ ቅርጽ ይጠቀልለዋል። እኛ የ፣ ለ፣ በ፣ ከ የምንለውን ከፊት እንለጥፋለን፤ ሮማውያን ከኋላ ይለጥፋሉ። ልዩነቱ የቦታ ነው። «አግሪኮላ ፑዌላይ አኳም ዳት» የሚለውን ቃል በቃል አስቀምጡት፦ ገበሬው፣ ለልጅቷ፣ ውሃ፣ ይሰጣል። አንድም ቃል ቦታውን አልለቀቀም። ግሱም እንደኛው መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሏል። ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም፣ ግን ደጋግሞ ይገጥማል።

ግሱም ባለቤቱን በሆዱ ይይዛል። «አማስ» ትወዳለህ፣ «አማቲስ» ትወዳላችሁ። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ያልፋቸዋል፤ አማርኛው ይለያቸዋል። ነገር ግን ላቲን አንተንና አንቺን በግሱ አይለይም። «እርስዎ» የሚባል ማክበሪያም በጥንቱ ላቲን የለም፤ ባሪያም ጌታውን «አንተ» ነው የሚለው።

የሚያሳስተንም አለ። እኛ «ውሃ ጠጣ» ስንል «ን»ን እንጥላለን፤ ያልታወቀ ነገር ነውና። ላቲን አይጥልም፤ የታወቀም ያልታወቀም ተሳቢ ምልክቱን ይይዛል። ሌላው ደግሞ ግዑዝ ጾታ ነው። እኛ ወንድና ሴት ብቻ ስላለን ሦስተኛው ደጋግሞ ይጥለናል። የዕፅዋትና የእንስሳት ሳይንሳዊ ስሞች ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ናቸው። ቡና «ኮፌያ አራቢካ» ነው፤ ሁለቱም በ«አ» ድምፅ ያልቃሉ፣ ሴት ናቸውና። እንሰት «ኤንሴቴ ዌንትሪኮሱም» ነው፤ ቅጽሉ በ«ኡም» አለቀ፣ ግዑዝ ነውና። (ትርጉሙ «ቦርጫም» እንደማለት ነው። የእንሰትን ግንድ ያየ ሰው ስሙን የሰጠውን ሰው አይወቅሰውም።) ኑግም ኮሶም «አቢሲኒካ» ይባላሉ፣ ሴት ሆነው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ «ካኒስ ሲሜንሲስ» ነው፣ የሰሜን ተራሮች ውሻ።

ሰንጠረዥ ወይስ ታሪክ?

ትልቁ ምርጫ ይኼ ነው። አንደኛው ወገን «መጀመሪያ እርባታውን ሸምድድ» ይላል። ሁለተኛው «አንብብ፣ እርባታው ራሱ ይገባሃል» ይላል።

የሰንጠረዡ ወገን ዋና መጽሐፍ የፍሬደሪክ ዊሎክ መማሪያ ነው። በ1956 ወጣ፣ 40 ምዕራፍ አለው፣ እስካሁንም እየታደሰ ይታተማል። መነሻው ደስ ይላል፤ ዊሎክ ትምህርቶቹን ማዘጋጀት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሰው ኮሌጅ ለገቡ አሜሪካውያን ወታደሮች ነበር። ለአዋቂ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። አይቀልድም፣ ሥዕል አያበዛም። እያንዳንዱ ምዕራፍ ሕጉን ያስቀምጣል፣ ሃያ ምናምን ቃል ይሰጣል፣ ከሮማውያን ጸሐፊዎች የተወሰዱ ዓረፍተ ነገሮች ይከተላሉ።

ለሚከልስ ሰው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ የምትፈልጉትን ቦታ ቶሎ ታገኛላችሁ። ሦስተኛው የስም እርባታ ነው የጠፋባችሁ? ምዕራፍ 7ን ክፈቱ። ሌላውን ዝለሉት። ሰኞ ፈተና ያለበት ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ጉዳቱን ደግሞ በራሴ አይቼዋለሁ። ሰንጠረዥ መድገም እችል ነበር፤ ማንበብ ግን አልችልም። አንድ ቃል ሲገጥመኝ በአእምሮዬ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች እወርደዋለሁ፣ ቦታውን አገኛለሁ፣ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስደርስ መጀመሪያው ጠፍቷል።

የንባቡ ወገን አለቃ ሃንስ ኦርበርግ የተባለ ዴንማርካዊ ነው። ስለ አንድ የሮማ ቤተሰብ የሚተርከው የመጀመሪያ ክፍል 35 ምዕራፍ አለው። ከሽፋን እስከ ሽፋን በላቲን ነው፤ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል የለበትም። «ሮማ ኢን ኢታሊያ ኤስት» ብሎ ይጀምራል። ያ ገባችሁ አይደል? እንዲህ እንዲህ እያለ ይወስዳችኋል። አዲስ ቃል ሲመጣ በኅዳጉ ላይ በሥዕል ወይም ቀድሞ በታወቀ ቃል ይፈታዋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን መጽሐፍ የምመርጠው ለዚህ ነው። መሃል ላይ የሚቆም አስተርጓሚ የለም። ላቲኑን በቀጥታ ከአማርኛው ጋር ታጋጥሙታላችሁ፣ ብዙ ቦታም ይገጥማል።

ግን ለከላሽ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው፣ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በጣም ይቀልላሉ። ትሰለቻላችሁ፣ ትዘላላችሁ፣ ድንገት ምዕራፍ 12 ላይ ትሰምጣላችሁ። ሁለተኛው፣ ኃላፊ ጊዜ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። «ያደርግ ነበር» የሚለውን ለማግኘት ምዕራፍ 19፣ «አደረገ» የሚለውን ለማግኘት ምዕራፍ 21 መድረስ አለባችሁ። ታሪክ ወይም ዜና መዋዕል ለማንበብ የቸኮለ ሰው እዚያ ድረስ ትዕግሥቱ ያልቃል።

እኔ ያገኘሁት መፍትሔ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ምዕራፎች በቀን አንድ አንድ እያልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሳላቆም አነበብኩ። ቀላል ቢሆኑም አልዘለልኩም። ፍጥነት የመጣልኝ እዚያ ላይ ነው። ከ11ኛው ጀምሮ በሳምንት ሁለት ምዕራፍ። የጠፋኝን እርባታ ብቻ ከሰንጠረዥ መጽሐፍ አየሁ። ለዚህ ደግሞ ዊሎክን መግዛት እንኳ አያስፈልግም፤ አለንና ግሪኖው በ1903 ያሳተሙት ሰዋስው የባለቤትነት ጊዜው ስላለፈ በነፃ ይወርዳል። ኦርበርግ ግን በነፃ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስመጡ።

ሰንጠረዥ መሸምደዱን ጨርሶ የናቅሁ እንዳይመስላችሁ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይስቅብኛል። «ቀተለ ገደለ፣ ይቀትል ይገድላል፣ ይቅትል ይገድል ዘንድ፣ ይቅትል ይግደል» እያለ ግስ ያወረደ ሰው ለላቲን ዝግጁ ነው። የላቲን ግስም አራት ዋና ቅርጾች አሉት፤ በዜማ ቢወርዱ ያምራሉ፦ አሞ፣ አማሬ፣ አማዊ፣ አማቱም። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ይወጣል። ወጣ ያለ ግስ ሲገጥማችሁ አትደንግጡ። መሸከም «ፌሮ፣ ፌሬ፣ ቱሊ፣ ላቱም» ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ከሰማይ የወረዱ ይመስላሉ። እኛስ «ነው» ብለን ያለፈውን «ነበር» የምንል ሰዎች አይደለን?

የካምብሪጁ ኮርስ በሁለቱ መሃል ነው። በ1970 የጀመረ ሲሆን የመጀመሪያው መጽሐፍ ፖምፔይ ውስጥ ስለሚኖር ካይኪሊዩስ ስለሚባል ባለ ገንዘብ ይተርካል። ሰውየው በእውነት የነበረ ነው። መጽሐፉ የሚያልቀው በ79 ቬሱቪየስ ሲፈነዳ ነው፤ ስለዚህ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቀዋል፣ ቢሆንም ያሳዝናል። ለአሥራ ሦስትና ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግሩም ነው። ለአዋቂ ከላሽ ግን ሰዋስውን በጣም ይጎትታል። ልጃችሁ ጋር አብራችሁ ልታጠኑ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ ተዉት።

ቃላት፦ ስልኩ ጥሩ ነው፣ ግን...

ዱኦሊንጎ ላይ ላቲን ከ2019 ጀምሮ አለ። አጭር ነው፣ ከእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያስተምረው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ለመነካካት አይከፋም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨርሼ «አሁን ገባኝ» አልኩ፤ ዲልማንን ስከፍት ያው ነኝ። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

አንኪ ሌላ ነገር ነው። የቃል ካርድ ማስታወሻ ነው። ያወቃችሁትን ካርድ ከሳምንት፣ ከወር በኋላ ያመጣዋል፤ የሳታችሁትን ዛሬውኑ ይመልሰዋል። ኮምፒውተርና አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፣ አይፎን ላይ ይከፈልበታል። መልኩ አያምርም። ሥራውን ግን ይሠራል።

ጥያቄው የትኞቹን ቃላት ትከቱበታላችሁ የሚለው ነው። ሰው የሠራውን አሥር ሺህ ካርድ አውርዳችሁ እንዳትጀምሩ። ዲኪንሰን የተባለው የአሜሪካ ኮሌጅ አንድ ሺህ የሚሆኑ ተደጋጋሚ የላቲን ቃላትን ዘርዝሮ በነፃ አስቀምጧል። እነሱ እንደሚሉት እነዚህ ቃላት አንድ ተራ የላቲን ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ቃላት 70 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ለሚከልስ ሰው ከሺው ግማሹ ቶሎ ትዝ ይለዋል። ስለዚህ እውነተኛው ሥራ አምስት መቶ ቃል ነው። በቀን አሥር ብትሉ ሁለት ወር አይሞላም።

ካርዱን ራሳችሁ ሥሩት፣ ፍቺውንም በአማርኛ ጻፉት። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ስም ከሆነ ባለቤቱን፣ የ«የ» ቅርጹንና ጾታውን አንድ ላይ አድርጉ፦ «ፍሉሜን፣ ፍሉሚኒስ፣ ግዑዝ፤ ወንዝ»። ምክንያቱም ሁለተኛው ቅርጽ ነው ሥሩን የሚያሳየው። «ሬክስ» ንጉሥ መሆኑን ብቻ የያዘ ሰው ጽሑፍ ውስጥ «ሬጌም» ሲገጥመው ንጉሡ ያመልጠዋል። ግስ ከሆነ አራቱንም ቅርጾች።

ማጥበቅና ማላላትንም አትርሱ። ላቲን እንደኛው ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጉም የሚለወጥ ቋንቋ ነው። «አኑስ» «ኑ» ሲጠብቅ ዓመት ነው፣ ሲላላ አሮጊት። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ለመስማት ይቸገራል፤ እኛ «ገና» በሚለው ቃል የለመድነው ነው።

ሌላ ነፃ የቃል ምንጭ ደግሞ አለ፤ ከተማው ውስጥ ነው ያለው። ዕድር ስብሰባ ላይ «ኮረም አልሞላም» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? «ኮረም» ላቲን ነው፤ «ከእነሱ መካከል» እንደማለት ነው፣ የብዙ ቁጥር «የ» ቅርጽ። «አጀንዳ» መደረግ ያለባቸው ነገሮች ማለት ነው። «ዳታ» የተሰጡ፣ «ቪዛ» የታዩ ነገሮች። «ዳታ»ን ያወቀ ሰው «ዳት» ይሰጣል መሆኑን አይረሳም። ሥራ ስንፈልግ የምናስገባው ሲቪ ሙሉ ስሙ «ኩሪኩሉም ዊታይ» ነው፣ የሕይወት ሩጫ፤ «ዊታይ» ላይ ያለችው «አይ» የእኛ «የ» ናት። «ሚኒስተር» ደግሞ አገልጋይ፣ አሽከር ማለት ነው። ይህንን ለማንም አልናገርም።

የምታውቁትን ማንበብ

ለሴሚናሪ ልጆችና ዳዊት ለደገመ ሰው የምመክረው መንገድ ይህ ነው። ቩልጋታን ክፈቱ፤ ቅዱስ ጄሮም ከ382 ጀምሮ የደከመበትን የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ። ከመዝሙር 150 ጀምሩ። «ላውዳቴ» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይመጣል፤ «አመስግኑ» ነው። «ላውዳቴ ኤኡም ኢን ሶኖ ቱባይ» ሲል «በመለከት ድምፅ አመስግኑት» ይላል። «ቱባይ» የመለከት፣ «ሶኖ» በድምፅ፣ «ኤኡም» እሱን። አንድ መዝሙር ውስጥ ትእዛዝ አንቀጽ፣ ተሳቢ፣ «የ» እና «በ» ተለማመዳችሁ። ቩልጋታና የግዕዙ ዳዊት የመዝሙር ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የሰባ ሊቃናትን ስለተከተሉ። ስለዚህ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ አያስቸግርም።

ከዚያ የዮሐንስ ወንጌል። «ኢን ፕሪንኪፒዮ ኤራት ዌርቡም፣ ኤት ዌርቡም ኤራት አፑድ ዴኡም፣ ኤት ዴኡስ ኤራት ዌርቡም።» ዴኡም እና ዴኡስ ለምን እንደተለያዩ መናገር ከቻላችሁ ወደ ቀጣዩ ቁጥር እለፉ።

ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው፣ የሚያነበው ዓይናችሁ ሳይሆን ትዝታችሁ ሊሆን ይችላል። አማርኛውን በቃላችሁ ስለምታውቁ ላቲኑ የገባችሁ ይመስላችኋል። መድኃኒቱ በደንብ የማታስታውሱትን መጽሐፍ መምረጥ ነው፤ እኔ መጽሐፈ ጦቢትን ነው የያዝኩት። ሁለተኛው፣ የቩልጋታ ላቲን ቀላል ነው፤ አረፍተ ነገሩ አጫጭር፣ ቅደም ተከተሉ የለሰለሰ። ከእሱ ተነስታችሁ የሮማውን ጸሐፊ ኪኬሮን ብትከፍቱ ግሱን ፍለጋ ሦስት መስመር ትወርዳላችሁ። ኪኬሮን ማንበብ ለማይፈልግ ሰው ግን ይህ ጉዳት አይደለም።

ዲልማንን ለማንበብ የሚከልስ ሰውም ከኪኬሮ ጋር ጉዳይ የለውም። የመዝገበ ቃላት ላቲን የራሱ ጠባይ አለው። ግሶች የሚፈቱት ብዙውን ጊዜ በአርእስት ነው፤ እኛ «መውደድ»፣ «መሥራት» እንደምንለው። ስለዚህ በ«አሬ»፣ በ«ኤሬ»፣ በ«ኢሬ» የሚያልቁትን አጥብቃችሁ ያዙ። ቅጽሎችና ስሞች ይበዛሉ፣ ምሕጻረ ቃላት ይበዛሉ። የተወሳሰበ የግስ እርባታ ብዙም አይገጥማችሁም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሥራው በግማሽ ይቀንስልኝ ነበር።

ስለ አስተማሪ አንድ ነገር ልበል። በኢንተርኔት ለሚሰጥ የክለሳ ኮርስ ከፍዬ ነበር። አስተማሪው አዋቂ ነው፣ ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ አሥራ አምስት ሰው ነበርን፣ ሁላችንም የረሳነው የተለያየ ነገር ነው። አንዱ የሚያውቀውን ሲሰማ ይሰለቻል፣ ሌላው የማያውቀው ሲያልፍ ይጨነቃል። በአምስተኛው ሳምንት ወጣሁ። ለከላሽ የሚጠቅመው አንድ ለአንድ ነው፤ በሳምንት ግማሽ ሰዓት፣ ያነበባችሁትን ጮክ ብላችሁ የምትተረጉሙለት ሰው። ካህን ወይም የድሮ የክፍል ጓደኛ ቢሆንም ይበቃል። ቃሉን ስትጽፉለት እርባታውን የሚዘረዝሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም አሉ። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ብቻ ብላችሁ ወስኑ፤ ካለዚያ እሱ ያነባል፣ እናንተ ታያላችሁ።

የቀረው አነባበብ ነው። ሁለት አለ። በጥንቱ «ኪኬሮ» ይባላል፣ በቤተ ክርስቲያኑ «ቺቼሮ»። በጥንቱ «ዌኒ፣ ዊዲ፣ ዊኪ»፣ በቤተ ክርስቲያኑ «ቬኒ፣ ቪዲ፣ ቪቺ»። እኛ «ቄሳር» የምንለው በግሪክ በኩል ስለመጣ ጠንካራውን ድምፅ ይዞ ቀርቷል፤ ለጥንቱ «ካይሳር» ይቀርባል። የካቶሊክ ዜማ የምትዘምሩ ከሆነ የቤተ ክርስቲያኑን ያዙ። ሌላው የጥንቱን ቢይዝ ይሻለዋል፤ አንድ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኛ ፊደል ለለመደ ሰው ይቀናል። እኔ መዝሙሩን በቤተ ክርስቲያኑ፣ ኦርበርግን በጥንቱ ለማንበብ ሞከርኩ። በሦስተኛው ቀን ሰው ፊት «ቺኬሮ» አልኩ።